አንቱ የሚባባሉት ባልና ሚስት

«እነዚህ ሰዎች ለምን አይነጋገሩም?»

የጃፓን ድራማ ያስጀመርኩት ሰው ሁሉ ሦስተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ይሄን ይጠይቀኛል። ኢንዶኔዥያዊቷ ጓደኛዬ ጠይቃኛለች። ብራዚላዊው ጓደኛዬማ በድምፅ መልእክት ጮሆብኛል። «ዛሬም ሳይነግራት ባቡሩ ላይ ከወጣ እኔ ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ!» ነበር ያለው። ሦስታችንን ያስተዋወቀን ይኸው የድራማ ፍቅር ነው። አንድ ክፍል እንመርጥና ሁላችንም ባለንበት እናየዋለን። ከዚያ ስናወራ እናመሻለን።

ከጃፓን ውጭ ባለው ተመልካች ዘንድ የጃፓን ድራማ ስሙ እንዲህ ወጥቷል። ቀዝቃዛ ነው ይባላል። ሰዎቹ ስሜታቸውን አያወጡም ይባላል። መሳሳማቸው ሳይቀር መጠሪያ ተበጅቶለታል፤ አድናቂዎች «የሞተ ዓሣ መሳም» ይሉታል። ሁለት ከንፈር ይነካካል፣ ማንም አይንቀሳቀስም፣ ካሜራው ዞር ዞር ይላል፣ አለቀ። ከኮሪያ ድራማ የመጣ ሰው ደግሞ ይብስበታል። እዚያ ዝናብ አለ፣ ጃንጥላ አለ፣ ሩጫ አለ፣ ከኋላ መጥቶ ማቀፍ አለ። እዚህ አንድ ልጅ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆሞ «እንግዲህ... ነገ» ይላል። ልጅቷም «እሺ፣ ነገ» ትላለች።

እኔ እዚያ «ነገ» ላይ ነው የማለቅሰው።

የመጀመሪያዬ «አንድ ሊትር እንባ» ነበር። በ2005 የወጣ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሰውነቷ ቀስ በቀስ አልታዘዝ የሚላት የአንዲት ተማሪ ታሪክ ነው፤ መነሻው የእውነተኛ ልጅ የቀን ማስታወሻ ነው። 11ዱን ክፍል በሦስት ሌሊት ጨረስኩ። ይሄው 12 ዓመት አለፈኝ፣ እስካሁን አላቆምኩም።

ያን ያህል አይቼ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ሰዎች ከሚያወሩለት ቅዝቃዜ ቢያንስ ግማሹ የሚመጣው ከእንግሊዝኛው ሰብታይትል፣ ከማያ ገጹ ሥር ከሚወጣው የትርጉም ጽሑፍ ነው።

ጓደኞቼ «ለምን አይነግራትም?» ሲሉኝ በእንግሊዝኛ ላስረዳቸው እሞክራለሁ። ጽፌ ጽፌ አይበቃኝም። በአማርኛ ቢሆን አንድ ቃል ነው፤ ይሉኝታ። ጃፓኖች «ሴከን» የሚሉት ነገር አላቸው። በዙሪያህ ያለው ሰው፣ ዓይኑም ወሬውም ጭምር ማለት ነው። የድራማው ልጅ እናቱን ላለማሳፈር፣ አለቃውን ላለማስቸገር፣ ልጅቷንም ላለማስጨነቅ ብሎ ነገሩን ይውጠዋል። ሆዱ ሞልቷል፣ መውጫው ነው የጠፋው። እኛ በይሉኝታ የታሰረ ሰው ስናይ «ምን ነካው?» አንልም። እናውቀዋለን። አንጀታችን ነው የሚበላው።

ሌላም አለ። ጃፓናዊ ፍቅሩን ሲገልጽ የሚለው ቃል «ሱኪ» ነው። እንግሊዝኛ ተርጓሚዎች እዚህ ቃል ላይ ይጨነቃሉ። አንዱ «ላይክ» ይለዋል፣ ሌላው «ላቭ»። ከዚያ አድናቂዎች መከራከር ይጀምራሉ፤ አፈቀራት ወይስ ደስ ብቻ አለችው? ከኢንዶኔዥያዊቷ ጓደኛዬ ጋር አንድ ሙሉ ምሽት በዚህ አልፎብናል። ለእኔ ግን ክርክሩ ራሱ ግራ ነበር የሚገባኝ። ወደዳት ማለት ወደዳት ነው። በእኛ ቋንቋ ሙዝም ይወደዳል፣ እናትም ትወደዳለች፣ ልጅቷም ትወደዳለች። ሱኪም እንደዚያው ነው። እንጆሪም ሰውም የሚወደደው በዚያው ቃል ነው። «ወድጄሻለሁ» ብለህ ጻፈው፣ ምንም አልቀረበትም።

ይሄን ሁሉ በደንብ ያስተዋልኩት ባለፈው ዓመት ነው። እናቴ እግሯን ታማ ሁለት ወር ቤት ዋለች። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አታነብም። እኔ ደግሞ የምወደውን ነገር ለምወደው ሰው ካላሳየሁ አይሆንልኝም። ስለዚህ አንድ ድራማ መርጬ ሰብታይትሉን ወደ አማርኛ ልመልሰው ተነሳሁ።

የመረጥኩት ቲቢኤስ የተባለው የጃፓን ጣቢያ በ2016 ያሳየውን «መሸሽ ያሳፍራል፣ ግን ይጠቅማል» የተባለውን ነው። በጃፓን አጠራሩ ረጅም ስለሆነ ሁሉም ሰው «ኒገሃጂ» እያለ ያሳጥረዋል። ሚኩሪ 25 ዓመቷ ነው፤ ተምራለች፣ ሥራ ግን አጥታለች። ሂራማሳ ብቻውን የሚኖር የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ሴት አጠገቡ ስትቆም የሚይዘው የሚጨብጠው ይጠፋዋል። ቤቱን ልታጸዳ ትቀጠራለች። ቀጥሎ በውል ይጋባሉ። እሱ አሠሪ፣ እሷ ሠራተኛ፤ ደመወዝና የሥራ ሰዓት ያለው ትዳር ነው። ሚኩሪን የሠራችው አራጋኪ ዩኢ ናት፣ ሂራማሳን ሆሺኖ ጌን። ሁለቱ ተዋናዮች በ2021 በእውኑ ዓለምም ተጋብተዋል። ዜናውን የሰማሁ ቀን የዘመድ ሠርግ የደረሰ ያህል ነው ደስ ያለኝ።

የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ቅዳሜና እሁዴን በላው። ገና ከመጀመሬም ተሳሳትኩ። ጃፓናዊ ቤቱ ሲገባ «ታዳይማ» ይላል። እንግሊዝኛው «አይ አም ሆም» ብሎታል። እኔም ሳላስብ «ቤት ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ሂራማሳ በሩን ከፍቶ ገባ፣ ጽሑፉ ወጣ፣ እናቴ አነበበችና ዞር ብላ አየችኝ።

«ቤት መሆኑን ማን ጠየቀው?»

አጠፋሁት። «መጣሁ» አልኩ። የሚኩሪን መልስ ደግሞ «ደህና ገቡ?» አደረግኩት። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ሲገባ እሷም ከሚኩሪ ጋር አብራ «ደህና ገቡ?» ትለው ጀመር።

«ኦትሱካሬሳማ» የሚባል አለ። የሥራ ባልደረቦች ሲለያዩ፣ አንዱ ሲደክም ሌላው የሚለው ነው። እንግሊዝኛው «ጥሩ ሠርተሃል» ዓይነት ነገር ሲያደርገው አለቃ ሠራተኛውን የሚገመግም ይመስላል። እኛ «በርቱ» እንላለን፣ «ያበርታዎት» እንላለን። «ዮሮሺኩ ኦኔጋይሺማስ» ደግሞ አለ። ሰው ሲተዋወቁም፣ ሥራ ሲያስረክቡም፣ ልጅ ሲሰጡም ይባላል። ሰብታይትል ላይ አንዴ «ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል» ይሆናል፣ አንዴ ደግሞ «እባክህ ተንከባከበኝ»። ይሄን ሁለተኛውን አንብበው «ጃፓናውያን ሴቶች ለምን ተንከባከበኝ እያሉ ይለምናሉ?» ብለው የተናደዱ ስንት ተመልካቾች አጋጥመውኛል። ቃሉ አደራ ነው። አደራ፣ በቃ።

ከሁሉ የከበደችኝ ግን «ዩ» የምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል ናት። አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም፣ እናንተም እዚያ ውስጥ አንድ ላይ ታጭቀዋል። ጃፓንኛ አክብሮቱን ግሱ ጫፍ ላይ ያስቀምጣል። የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ «ደስ» ወይም «ማስ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ለአንቱታ የቀረበ ነገር ነው የሰማችሁት። ሰዎቹ ሲቀራረቡ ይጠፋል። አጠራሩም እንዲሁ ነው። ሰው መጀመሪያ የሚጠራው በቤተሰቡ ስም ነው፣ «ሳን» ተጨምሮበት። ልጁ ልጅቷን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ስም የሚጠራበት ቅጽበት አለ፤ እኔ ያንን ከመሳሳሙ አስበልጣለሁ። ስንቴ ነው ያ ቅጽበት ሰብታይትል ላይ የሚሞተው! ተርጓሚው ነገሩን ለማቅለል ብሎ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ በራሷ ስም ሲያስጠራት ከቆየ፣ ተመልካቹ ከየት ብሎ ልብ ይበለው?

ሂራማሳና ሚኩሪ አንድ ቤት ይኖራሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ቀስ በቀስም ይዋደዳሉ። አነጋገራቸው ግን ያው የአክብሮት ነው። እኔ ሁለተኛው ክፍል ላይ ሳልጨነቅ «አንተ» እና «አንቺ» አደረግኳቸው። ወጣቶች ናቸው፤ አንቱ ቢባባሉ ለእናቴ የመድረክ ቲያትር ይመስላታል ብዬ ፈራሁ። አራተኛው ክፍል ላይ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ድምፁን ደግሜ ስሰማው ቆምኩ። ሲቀያየሙም «ማስ» ነው። ስትደነግጥም «ደስ» ነው። እኔ የሠራሁት ሌላ ባልና ሚስት ነበር።

ወደ ኋላ ተመልሼ ሁለት ሌሊት ሙሉ ግስ በግስ ቀየርኩት። «ደክሞሃል?» የነበረው «ደክሞዎታል?» ሆነ። «ተኝተሻል?» የነበረው «ተኝተዋል?» ሆነ። በኋላ ላይ ሁለቱ ማክሰኞን የመተቃቀፊያ ቀን ብለው ይዋዋላሉ፤ ድራማውም ማክሰኞ ማታ ነበር የሚተላለፈው። መቃቀፉን የሚጠያየቁበት ቦታ እንግሊዝኛው ላይ ተራ ጥያቄ ነው። «ልቀፍዎት?» ብዬ በአማርኛ ስጽፈው ግን እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ። ድራማው በሙሉ እዚያች ቃል ውስጥ ነበር።

ለነገሩ ዓለም እንዲህ ያለ እርዳታ ሳይፈልግ የተረዳውም አለ። «ኦሺን» የተባለውን ድራማ የጃፓኑ ጣቢያ ኤንኤችኬ ከ1983 እስከ 1984 በየጠዋቱ 15 ደቂቃ 15 ደቂቃ አሳየው፤ 297 ክፍል ነበረው። ጃፓን ውስጥ አማካይ የተመልካች ድርሻው 52.6 በመቶ ነበር። ከዚያ ከ60 በላይ አገሮች ተሻገረ። ያማጋታ በሚባለው የጃፓን ክፍለ አገር ከድሃ ገበሬ የተወለደች ልጅ በ7 ዓመቷ በሩዝ ተለውጣ ሰው ቤት ለሥራ ትሰጣለች። በረዶ በሸፈነው አገር፣ በወንዝ ላይ፣ አንድ ላይ በታሰሩ ተንሳፋፊ ግንዶች ይወስዷታል። ይሄን ለማየት የቋንቋ ችሎታ ማን ጠይቆ? ኢራን ውስጥ በጣም ተወዳጅ ነበር። ኦሺን ያገባችበት ቤተሰብ ስም ታኖኩራ ነው፣ እሷም ልብስ ትነግድ ነበር። ኢራናውያን ሰልባጅ ልብስን «ታናኩራ» ብለው ጠሩት፣ ቃሉም ፋርስኛ ውስጥ ቀረ። አንድ የድራማ ቤተሰብ ስሙ ሌላ አገር ገበያ ውስጥ ሲገባ፣ ያንን ድራማ ቀዝቃዛ የሚለው ማን ነው?

የትወናው ነገር ሌላው ክስ ነው። «ያበዙታል» ይላሉ፤ ፊታቸውን ያጣምማሉ፣ ዓይናቸውን ያፈጥጣሉ። ዝም ይላሉ የሚለውም፣ ያበዙታል የሚለውም ያው አንድ ሰው መሆኑ ይገርመኛል። «ሃንዛዋ ናኦኪ»ን ከብራዚላዊው ጓደኛዬ ጋር ያየን ጊዜ ነው ይሄ የገባኝ። በ2013 የወጣ የባንክ ሠራተኛ ድራማ ነው፤ የመጨረሻው ክፍል በቶኪዮ አካባቢ 42.2 በመቶ ተመልካች ነበረው። ውስጡ እንደ ካታኦካ አይኖሱኬ ያሉ የካቡኪ ተዋናዮች አሉ። ካቡኪ የድሮ የጃፓን ቲያትር ነው፤ ተዋናዩ ትልቁ ቅጽበት ላይ ሲደርስ ፊቱን አጥብቆ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ደርቆ ይቆማል። ይሄን ካወቅክ በኋላ የእነዚያ የባንክ ሰዎች ፊት ሌላ ይሆናል።

መጨረሻው ላይ ትልቁ አለቃ ወለል ላይ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይቅርታ እንዲጠይቅ ይገደዳል። ዶገዛ ይባላል። ጉልበቱ እምቢ ይላል። ይንቀጠቀጣል። አንድ ጉልበት ለመታጠፍ ያን ያህል ጊዜ ሲወስድ አይቼ አላውቅም። ጓደኛዬ ሳቀ። እኔ ግን ትንፋሼን ይዤ ነበር። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መለመን የሚባል ነገር እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ሰው በሰው ፊት ዝቅ ሲል ምን እንደሚከፍል አውቃለሁ። ይሄንኑ በድምፅ ላኩለት። ቆይቶ «ደግሜ አየሁት» ብሎ መለሰልኝ።

ሁሉንም አልከላከልም። የመጨረሻው ክፍል ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ተነስቶ አሥር ደቂቃ የሚመክርበት ልማድ እኔንም ያደክመኛል። ታሪኩ የነገረንን ለምን ደግሞ በአፉ ይነግረናል?

«አጭር ነው» የሚለውን ክስ ግን አልቀበልም። ድራማዎቹ የሚጀምሩት በጥር፣ በሚያዝያ፣ በሐምሌና በጥቅምት ነው። አብዛኞቹ 10 ወይም 11 ክፍል ሠርተው ይሰናበታሉ። ሁለተኛ ዙር ብርቅ ነው። «ገና ስለምዳቸው አለቀ» ትላለች ኢንዶኔዥያዊቷ። ሳካሞቶ ዩጂ የጻፋቸው «ማዘር» (2010) እና «ውማን» (2013) እያንዳንዳቸው 11 ክፍል ናቸው። ሁለቱንም ቱርኮች ወስደው እንደገና ሠሯቸው። «ካድን» ብለው የሠሩት ሁለተኛው 81 ክፍል ሆነ፣ ያውም የቱርክ ክፍል ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ነው። «ካድን»ን አይታችሁ ያለቀሳችሁ ሁሉ፣ ሳታውቁት የጃፓን ድራማ ላይ ነው ያለቀሳችሁት። እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ። የቱርኩ ጎረቤት ሆኖ ይኖራል። የጃፓኑ አንድ ክረምት አብሮህ ሰንብቶ እንደሄደ እንግዳ ነው፤ ቦታው ባዶ ሆኖ ይቆያል።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። እነዚህን ድራማዎች ማግኘት ለምን ይሄን ያህል ይከብዳል? የጃፓን ጣቢያዎች ድራማቸውን በነፃ የሚያሳዩበት ቲቨር የሚባል አገልግሎት አለ፣ ግን የሚሠራው ጃፓን ውስጥ ብቻ ነው። የአንድ ድራማ ሙሉ ዲቪዲ 20,000 የን አካባቢ ያወጣል፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንኳ ላይኖረው ይችላል። ለብዙ ዓመት አንድ ትልቅ የተዋናዮች ኤጀንሲ የልጆቹን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አላስወጣም ብሎ፣ በመጽሔት ሽፋን ምስል ላይ ተዋናዩ ግራጫ ጥላ ሆኖ ይታይ ነበር። ፊቱን ለማየት የምትጓጓለት ሰው ጥላ! ኔትፍሊክስ ከመጣ ወዲህ ይሄ ቀለል ብሏል። ከዚያ በፊት ግን የጃፓን ድራማን ለዓለም ያደረሱት አንድ ሳንቲም ሳይከፈላቸው ሌሊት ተቀምጠው የሚተረጉሙ አድናቂዎች ናቸው። ማያ ገጹ ጥግ ላይ በትንንሽ ፊደል «ይሄ ቃል እንዲህ ማለት ነው» ብለው ማብራሪያ ይጽፉ ነበር። እኔ ጃፓንኛ የጀመርኩት ከእነዚያ ማብራሪያዎች ነው። ስማቸውን አላውቅም። ውለታቸው አለብኝ።

«ሳይለንት» የወጣው በ2022 ነው። በትምህርት ቤት ይዋደዱ የነበሩ ሁለት ልጆች ከዓመታት በኋላ ይገናኛሉ። ልጁ፣ ሶ፣ መስማት አቁሟል። የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ጥሏት ሊሄድ ሲል ልጅቷ ትሱሙጊ ትከተለዋለች፣ ታወራለታለች። እሱ እያለቀሰ በእጁ በፍጥነት ይነግራታል። ምልክት ቋንቋ አታውቅም። ጃፓናውያኑም ትርጉሙን ለማወቅ ከማያ ገጹ ሥር የወጣውን ጽሑፍ ማንበብ ነበረባቸው። ያኔ አንድ ነገር ተሰማኝ። 12 ዓመት ሙሉ ዓይኔ ከሥር ጽሑፍ ላይ፣ ጆሮዬ ከላይ ድምፅ ላይ ሆኖ ነው የኖርኩት። ለአንድ ትዕይንት ያህል ከጃፓናዊው ተመልካች ጋር እኩል ሆንኩ። ሁላችንም አንብበናል፣ እሷ ብቻ አልገባትም። ቀና ብዬ እጁን ሳየው ጽሑፉ ያልያዘው ምን ያህል እንደሆነ ገባኝ።

ለእናቴ ግን ገና «ሳይለንት» ላይ አልደረስንም።

የ«ኒገሃጂ»ን ስድስተኛ ክፍል ያየን ማታ ሐሙስ ነበር። እግሯ ትራስ ላይ ነው፣ ላፕቶፑ ወንበር ላይ። መጨረሻው ላይ ባልና ሚስቱ ከጉዟቸው ሲመለሱ ባቡር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የሚወርዱበት ጣቢያ ሊደርስ ነው። እሷ ባቡሩ ባይደርስ ትመኛለች። ዝም ብለዋል። ከዚያ ሂራማሳ ዞር ብሎ ሳማት። አጭር ነው፣ ድንገት ነው፣ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሙዚቃው ገባ።

እናቴ ስሞቹ ወጥተው እስኪያልቁ ዝም አለች።

«አንቱ እንደተባባሉ ሳማት» አለች።

«አዎ።»

«እናቴም አባቴን እስክትሞት ድረስ አንቱ ነበር የምትለው።» ብርድ ልብሱን እግሯ ላይ አስተካከለች። «ሲመጣ ከሩቅ በኮቴው ታውቀው ነበር።»

ላፕቶፑን ልዘጋው ስል ያዘችኝ።

«ሰባተኛውን መቼ ነው የምትጨርሺው?»

ገና አልጀመርኩትም ነበር።

«ነገ» አልኳት።

«እሺ፣ ነገ» አለች።